አሥራ አንድ መስመር አቤቱታ

«እማ፣ ሰውዬው ስማችንን ያውቀዋል?»

አይሲ ይህን የጠየቀችው አውቶቡሱ የመጨረሻዋን የእንጨት ድልድይ እየተንገጫገጨ ተሻግሮ አስፋልት ሲይዝ ነበር። ዴልፊያ ስታምፐር የልጅቱን ካፖርት ቁልፎች፣ ደህና ተቆልፈው የነበሩትን፣ አንድ በአንድ ፈትታ እንደገና ቆለፈቻቸው።

«በረንዳችን ላይ ቁጭ ብሎ ቦሎቄ በልቷል እኮ» አለች አይሲ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የጀመረችውን ነገር አትተውም። «ሁለት ሳህን!»

«ሦስት ነው» አለ ወንድሟ ሎቬል ከኋላ ወንበር። «ሦስተኛውን የበላው አንቺ ከተኛሽ በኋላ ነው። ሴናተር ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ሲተኛ ነው የሚበላው።»

አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ዴልፊያ ብቻ አልሳቀችም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የመጋቢት ወር፣ ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ነበር ከሸለቆው የወጡት። አውቶቡሱ ቀድሞ ተማሪ ያመላልስ የነበረ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗ ገዝታ ነጭ ብትቀባውም ዝናብ በመታው ቁጥር ቢጫው ከሥር ብቅ ይላል። የሚነዱት ሰባኪው ወንድም ኤስቲል ናቸው። ከኋላቸው አሥራ አራት የሸለቆው ሰዎች የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ምሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከምሥራቅ ኬንተኪ ተራሮች እስከ ፍራንክፎርት፣ እስከ ክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ፣ አራት ሰዓት ያስኬዳል።

አይሲን ያመጣቻት ቤት ጥላት መሄድ ስለፈራች ነው። ከጥር ወዲህ ከቤታቸው በላይ ደማሚት ይፈነዳል። ኩባንያው ከሰሉን እንደ ድሮው ጉድጓድ ገብቶ አያወጣም፤ ተራራውን በቡልዶዘር ከላይ ይልጠዋል፣ የላጠውን አፈርና ድንጋይ ቁልቁል ይደፋዋል። ማሽኑ በየሳምንቱ ወደ ስታምፐር ሸለቆ ይጠጋል። ፍንዳታ በተሰማ ቁጥር ዴልፊያ በእጇ የያዘችውን ጥላ ወደ ልጅቱ ትሮጣለች፤ ምን ልታደርግላት እንደምትሮጥ ግን ራሷም አታውቅም።

በቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። አሥራ አንድ መስመር። እነዚያን መስመሮች ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል።

ዴልፊያ ፊደል የያዘችው በአርባ ዓመቷ ነው። ጡረታ የወጡት መምህርት እትዬ ዊኖና ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዋቂዎችን ያስተምራሉ። የሚገርመው፣ ዴልፊያ ዕድሜዋን ሙሉ በፊደል ተከባ ነው የኖረችው። የተራራው ሰው ብርድ እንዳይገባበት የቤቱን ግድግዳ ከውስጥ በአሮጌ ጋዜጣ ይለጥፋል፤ ማንበብ ስትጀምር በመጀመሪያ ያነበበችው ግድግዳዋን ነው። ከምድጃው ኋላ፣ ጭስ ባጠቆረው ገጽ ላይ፣ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ተመራጭ «ለእያንዳንዱ ሸለቆ መንገድ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ሐኪም» ይላል። ጋዜጣውን የለጠፈችው እናቷ ናት፤ ዴልፊያ ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ቃል ፊት ቆማ ቦሎቄ ስትቀቅል አላወቀችም።

ለባሏ ለኸርሸል አነበበችለት። ኸርሸል ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሃያ ሁለት ዓመት የዋጠው የከሰል አቧራ ከደረቱ አይወጣም።

«ይሄኛው ሞቷል» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «ሌላ ባርኔጣ ያደረገ መጥቷል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ዴልፊ። ተይው።»

እሷ ግን አልተወችውም። እትዬ ዊኖናን ይዛ ፍርድ ቤት ሄደች፤ የአያቷን የኤልካናን ውል አስወጥታ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። በ1903 በፈረስ የመጣ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው ለሽማግሌው ወረቀት አቀረበላቸው። ከመሬቱ በታች ያለው ሁሉ፣ ያንን ለማውጣት የሚያስፈልገውም ሁሉ ተሸጧል ይላል። ከታች፣ በፊርማ ፈንታ፣ የኤልካና ምልክት አለ፤ የተጣመመች መስቀል። ሽማግሌው የሸጡ የመሰላቸው ሰው በአካፋ ቆፍሮ የሚያወጣውን ከሰል ነው። ተራራ የሚልጥ ማሽን ያን ጊዜ በዓለም ላይ አልነበረም። ዳኛው ግን ውሉ ዛሬም ይሠራል አሉ። ሕጉን መለወጥ የሚችል ካለ ሴናተሩ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ባለፈው ምርጫ በዴልፊያ በረንዳ ተቀምጠው «ደጄ ለእናንተ ምን ጊዜም ክፍት ነው» ብለዋል።

«እማ» አለ ሎቬል ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ። «እግረ መንገድሽን ስለ ጠጠሩ ጠይቂልኝ። ለምርጫው የሴናተሩ ሰዎች መንገድ ላይ ጠጠር ሲያፈሱ የጎረቤታችን የሆባርት ደጃፍ ደርሰው አቆሙ። ድምፃችን ስንት ጎድሎ ነው?»

«የሆባርት ሚስት ቆንጆ ስለሆነች ነው» አሉ አክስት ኦቫ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አገሩ ሁሉ አክስት ይላቸዋል። «እኔም በጊዜዬ ቢሆን ኖሮ ጠጠሩ እስከ አልጋዬ ይመጣልኝ ነበር።»

«አክስት ኦቫ!» አሉ ወንድም ኤስቲል መሪውን እንደያዙ።

«ምነው? ዋሸሁ?»

ዴልፊያ አሁንም አልሳቀችም። የልጇን ፊት በመስታወቱ ውስጥ አየችው። ሎቬል አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቤታቸው በላይ ባለችው ሜዳ ላይ ባለፈው በልግ በሲባጎ ለክቶ የቤት ቦታ ምልክት አድርጎ ነበር። ዴልፊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስትነሳ ወደ ላይ ታያለች፤ ገና ያልተሠራ ቤት ጭስ ይታያት ነበር። የልጇን መጥረቢያ ድምፅ ከበላይዋ እየሰማች ማርጀት፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልተመኘችም። አሁን ማሽኑ ከሲባጎው መቶ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ሎቬልም ቁርጡን ነግሯታል፤ ማሽኑ ከቆመ ቤቱን ይሠራል፤ ካልቆመ ቅዳሜ ከአጎቱ ልጅ ከዶይል ጋር ወደ ሩቋ ከተማ ወደ ዴይተን፣ በማቀዝቀዣ ፋብሪካ ሊሠራ ይሄዳል። ዴይተን የሄደ የተራራ ልጅ ለቀብር ካልሆነ አይመለስም።

ስለዚህ ወረቀቱን እንደገና አወጣችና በከንፈሯ አነበነበችው።

የምክር ቤቱ ሕንፃ ወለል እንደ በረዶ ነጭ ነው። አክስት ኦቫ በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የሴናተሩ ጸሐፊ ዕንቁ ያሰረች ወጣት ሴት ናት።

«ቀጠሮ አላችሁ?»

«ደብዳቤ ልከን ነበር የኔ እመቤት» አሉ ወንድም ኤስቲል ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ ይዘው። «ሦስት ጊዜ።»

«ክቡር ሴናተር ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«እንጠብቃለን።»

«ረጅም ስብሰባ ነው።»

«እኛም ረጅም መንገድ ነው የመጣን» አሉ አክስት ኦቫ። «መቀመጥ እንችልበታለን።»

ደጅ ጠኑ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ኮሪደሩ ውስጥ ጠበቁ። ስድስት ሰዓት ላይ ምሳቸውን ሲፈቱ ዘበኛው መጣ።

«እዚህ መብላት ክልክል ነው።»

«መራብስ?» አለ ሎቬል።

ዘበኛው መሳቅ አማረውና ዋጥ አድርጎ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ የቆዳ ቦርሳ የያዙ ሁለት ሰዎች በአጠገባቸው አለፉ። ሎቬል አወቃቸው፤ ማሽኑ ጋ በጂፕ ይመጡ የነበሩት የኩባንያው ሰዎች ናቸው። ጸሐፊዋ ተነሥታ በሩን ከፈተችላቸው። ከውስጥ የሴናተሩ ድምፅ የአንደኛውን ስም በቁልምጫ ሲጠራ ተሰማ።

«እኒያማ ስማቸው ይታወቃል» አለ ሎቬል ቀስ ብሎ።

ዴልፊያ ወረቀቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ መጣች። ፊቷ ላይ ሐዘኔታ ነበረ። «ሴናተሩ አሁን ይወጣሉ፣ መኪናቸው እየጠበቃቸው ነው። በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። አንድ ሰው ቆሞ ያንብብ፤ ይሰሙታል።»

ዴልፊያ ተነሣች። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አስቀምጣ አነበበች።

«እኛ የስታምፐር ሸለቆ ሰዎች ነን፣ ልናስታውስዎ መጣን።»

ከዚያ ቆመች። እትዬ ዊኖና ያስተማሯት እንዲህ ነው፤ አንድ መስመር አንብቢ፣ ተንፍሺ፣ ጣትሽን ወደሚቀጥለው አውርጂ።

ጥፋቱ የመጣው በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ነው። በተራራው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የለም፤ የመዝሙር መጽሐፍ ያለው መሪው ብቻ ነው። መሪው አንድ መስመር ያወጣና ይቆማል። ሕዝቡ ያንኑ መስመር ይቀበለዋል፤ አንዱን ቃል እየጎተተ፣ እያወዛወዘ፣ እንደ ጉም በገደል ላይ እያዘገመ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሁለት መቶ ዓመት የዘመሩት እንዲህ ነው። ሰው ቆሞ አንድ መስመር አንብቦ ዝም ካለ፣ የስታምፐር ሸለቆ ሰው አፍ ባለቤቱን ሳያማክር ይከፈታል።

መጀመሪያ የተቀበሉት ወንድም ኤስቲል ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አክስት ኦቫ ተከተሉ። ከዚያ አሥራ አራቱም።

ዴልፊያ ደነገጠች። ልታስቆማቸው ፈለገች፤ እንዴት እንደሚቆም ግን አታውቅም። ተቀብለው ሲጨርሱ ሁለተኛውን አወጣች።

«ከበላያችን ያለው ተራራ እየወረደብን ነው።»

ተቀበሉ። ድምፁ የእብነ በረዱን ጣሪያ መትቶ ተመለሰ። በየቢሮው በሮች ተከፈቱ።

«የጉድጓዳችን ውኃ ቀልቷል። ልጆቻችን ሌሊት ለመሸሽ ጫማቸውን ሳያወልቁ ይተኛሉ።»

አራተኛው መስመር ላይ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ነገር በአሥራ አራት ሰው አፍ ሲነገር ሰማች። ሎቬል፣ ከአሥራ አምስት ዓመቱ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አፉን ከፍቶ የማያውቀው ልጇ፣ አንገቱን ደፍቶ በወፍራም ድምፅ ይቀበላል። በዚያች ቅጽበት ዴልፊያ አመነች። እንዲህ ያለውን ነገር ሰምቶ ማን እምቢ ይላል?

ሰባተኛው መስመር ላይ ሴናተሩ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሁለቱ ባለ ቦርሳዎች ከኋላቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ዴልፊያን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የከነከናት ይኸው ነው።

«የአያታችን ምልክት ከሰሉን ሸጠ እንጂ እኛን አልሸጠም» አለች። ተቀበሉ። ቀጠለች። አሥራ አንደኛውን መስመር ቀና ብላ፣ ሳታይ፣ በቃሏ አለችው።

«ማሽኑን ያስቁሙልን፤ ልጆቻችን እዚሁ ይኑሩልን።»

የመጨረሻውን ቃል እየጎተቱ ተቀበሉት።

ሴናተሩ አጨበጨቡ።

«ጌታ ይባርካችሁ! ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ ያለ መዝሙር አልሰማሁም። አያቴ እንዲህ ነበር የምትዘምረው።» የወንድም ኤስቲልን እጅ ጨበጡ፣ የአክስት ኦቫን እጅ ጨበጡ። «ከየት ናችሁ እናንተ ደጋግ ሰዎች?»

«ከስታምፐር ሸለቆ» አለች ዴልፊያ።

«አውቀዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ድንቅ አገር!»

«በረንዳዬ ላይ ቦሎቄ በልተዋል፣ ክቡር ሴናተር።»

«የተራራ ቦሎቄን የመሰለ ምን አለ!» ብለው ከት ብለው ሳቁና ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ መዝሙር አይደለም» አለች። ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «አቤቱታ ነው። ማሽኑ… ይኸው ጽፌዋለሁ። በእጄ ነው የጻፍኩት።»

ወረቀቱን ተቀበሏት። ሳያዩት ለሁለት አጠፉት። «የመዝሙሩን ቃል ስለሰጠሽኝ አመሰግናለሁ እኅቴ» አሉና ለጸሐፊዋ አቀበሉ። «በደንብ አስቀምጪው። በግንቦት ለእራት ግብዣችን እነዚህን ሰዎች መጥራት አለብን።»

ከባለ ቦርሳዎቹ አንደኛው የውጩን በር ይዞ ይጠብቃል። ሴናተሩ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች፤ እስከ መጨረሻው። ከዚያ ዴልፊያን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ሲመለሱ አይሲ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ወንድም ኤስቲል ከመሪው ሳይዞሩ ተናገሩ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ዴልፊያ። አፌ ለምዶብኝ ነው። አበላሸሁብሽ።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ ወንድም ኤስቲል።»

«ዜማው ቃሉን ዋጠው። ሴናተሩ ምን ያድርግ፣ አልተሰማውም።»

አክስት ኦቫ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። «ተሰምቶታል» አሉ። «አያቴ እንዲህ ትዘምር ነበር አላለም? እንዲህ ሲዘመር ያደገ ሰው ቃሉ አይጠፋውም። መዝሙር ብሎ መስማቱ ቀለለው፤ በቃ።»

ሎቬል ከኋላ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ትከሻውን ያንቀጠቅጠዋል። «ለእራት ተጠራን እኮ!» አለ። «በግንቦት! ቤታችን ከአፈር ሥር ሲሆን እኛ እራት ላይ…» ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ ተነሥቶ መጣና ከእናቱ ወንበር አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ልጅ ሳለ ይቀመጥ እንደነበረው።

«እማ፣ ጥሩ አነበብሽ» አላት።

ስለ ቅዳሜ እንድትጠይቀው ጠበቀ። አልጠየቀችውም። ፀጉሩን መንካት አማራት፤ እጇ ግን በአይሲ ራስ ሥር ነበር፣ ልጅቱን መቀስቀስም አልፈለገችም።

ሸለቆው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኸርሸል ከቤት ውጭ፣ ግቢው መሐል ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። በብርድ ውጭ ተቀምጦ አያውቅም። ዴልፊያ ከርቀት ስታየው መሮጥ ጀመረች።

«ደህና ነኝ» አላት። «ድምፁን ሰምቼ ነው የወጣሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የወረደው።»

ድንጋዩ ላም ያክላል። ከተራራው ተንከባሎ የዶሮዎቹን ቤት ደፍጥጦ፣ አጥሩን ጥሶ፣ ከአይሲ መስኮት ሥር ቆሟል። በመስኮቱና በድንጋዩ መካከል ያለውን ዴልፊያ በእግሯ ለካችው፤ አራት እርምጃ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ የልጅቱ አልጋ አለ። ትራሱ በመስታወቱ ውስጥ ይታያል።

አርብ ጠዋት ሎቬል የተሰበረውን አጥር ሲያነሣ አገኘችው።

«እማ» አላት ቀና ሳይል። «ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ልቆይ እችላለሁ። በእነዚህ ግንዶች ከመስኮቱ በላይ መከላከያ እሠራለሁ። አባዬም እንዲህ ሆኖ… ዶይልን ከፋሲካ በኋላ እለዋለሁ።»

ከበልግ ጀምሮ የጠበቀችው ቃል ነው። ስትጋግር፣ ልብስ ስትሰቅል፣ አሥራ አንዱን መስመር ስትጽፍ በጆሮዋ ስታደምጠው የኖረችው ይህንኑ ነው። አሁን ሰማችው። ወደ ላይ፣ ወደ ሜዳዋ አየች። ማሽኑ ሥራ ጀምሯል።

«አይሆንም» አለች።

«እማ…»

«የሚሰማ ቢኖር ኖሮ ትናንት በሰማ። ግንድ ተራራ አያቆምም ልጄ።» ድንጋዩን ሳታይ በእጇ ጠቆመች። «አይሲን ይዘሃት ትሄዳለህ። ዴይተን ያለችው የእኅቴ የፋኒ ቤት ትንሽ ነው፣ ልጅ ግን ብዙ ቦታ አይፈልግም። ማታ ማታ ጫማዋን አውልቃ እንድትተኛ ንገራት። እምቢ ትልሃለች፤ ለምዳዋለች።»

ሎቬል የያዘውን አጣና ለቀቀው። «አንቺስ?»

«አባትህ ዴይተን ድረስ በመኪና አይችልም። ደረጃ እንኳ አይወጣም። እኔ እሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?»

ያን ቀን የአይሲን ልብስ አጠበች፣ ተኮሰች። በእያንዳንዱ ልብስ ውስጥ አንገቱ ላይ የልጅቱን ስም በክር ጻፈች፤ የመጀመሪያው ላይ አንድ ፊደል ተገልብጦባት ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ማታ አይሲን ከራሷ ጋር አስተኛቻት። ኸርሸል ምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ አደረ፤ ልጅቱን በሳሉ እንዳይቀሰቅሳት።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ የዶይል ሰማያዊ ፎርድ መጣ። ሎቬልና አይሲ ሄዱ። ዴልፊያና ኸርሸል ቀሩ።